ዘንድሮ ከምዝገባ የሚመለስ ልጅ እንዳይኖር

ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ እዚህ ደብረ ብርሃን ልጄን ትምህርት ቤት ላስመዘግብ ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ የነበረች እናት የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። የተጨማደዱ አስር አስር ብሮች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ እየደረደረች ቆጠረች። አልሞላም። ደግማ ቆጠረች። ከዚያ ብሩን መልሳ ቋጠረችና የልጇን እጅ ይዛ ወጣች። ልጁ ሪፖርት ካርዱን እንዳይበሰብስበት በፌስታል ጠቅልሎ ይዞት ነበር። ሰባተኛ ክፍል አልፏል።

መዝጋቢውን አልወቅስም። መዋጮውን የወሰንነው እኛው ወላጆች ነን፣ እጃችንን አውጥተን። እኔም አውጥቻለሁ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በመንግሥት ትምህርት ቤት እስከ 10ኛ ክፍል ክፍያ እንደሌለ ይናገር ነበር። እኛም ጋ «የትምህርት ክፍያ» የሚባል ነገር የለም። ያለው መዋጮ ነው። የወረዳው በጀት አብዛኛው በደመወዝ ያልቃል፣ ለሥራ ማስኬጃ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በተማሪ ቁጥር እየተሰላ የሚመጣው ድጎማም ከጠመኔና ከወረቀት አያልፍም። የጥበቃው ደመወዝ፣ የፈተና ወረቀት ማባዣው፣ የተሰበረው ዴስክ ማሠሪያው ወላጅ ላይ ይወድቃል። ሱቅ ያለውም፣ ልብስ አጥባ የምታድረውም እኩል ይከፍላሉ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ እኩልነት ነው።

በ2015 አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር መጽሐፉ በብዙ ቦታ በጊዜው አልደረሰም። በቴሌግራም በፒዲኤፍ ተላከልን። ስልክ ያለው አነበበ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚከፍል አስገለበጠ፣ ሌላው ከጓደኛው ደብተር ላይ ገለበጠ። በዚያው ዓመት በአገር አቀፍ ደረጃ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያ ውድቀት 12ኛ ክፍል ላይ አልተጀመረም። ከታች ነው የመጣው፣ አራት ሆነው አንድ ዴስክ ላይ ተጣበው ከሚጽፉበት ክፍል።

የወላጆች ኮሚቴያችን አሁን የሚጠይቀው ለ40 ኮምባይን ዴስክ፣ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል መጽሐፍ ማባዣ እና ለጥበቃው የአንድ ዓመት ደመወዝ የሚሆን ገንዘብ ነው። እነዚህን የመረጥናቸው የምዝገባው መዋጮ የሚሰበሰበው በዋናነት ለእነሱ ስለሆነ ነው። ከተሟሉ ዘንድሮ በምዝገባ ቀን ከማንም ብር ላለመቀበል ተስማምተናል።

እዚህ ተምራችሁ ዛሬ አዲስ አበባ፣ ሪያድ ወይም ዋሽንግተን ያላችሁ፣ እነዚያን የጭቃ ክፍሎች ታውቋቸዋላችሁ። ጠዋት ጠዋት በመስኮቱ የሚገባውን የደብረ ብርሃን ብርድም አልረሳችሁትም። የአንድ ዴስክ ዋጋ ቻሉልን። ብቻችሁን ካልቻላችሁ ከክፍል ጓደኞቻችሁ ጋር ተሰባሰቡ። እዚሁ ያላችሁ ደግሞ ብር ባይኖራችሁ ባሕር ዛፍ አላችሁ፣ የእንጨት ሙያ ያላችሁም አላችሁ። ልጃችሁ የጨረሰውን መጽሐፍም አምጡልን፣ ሽፋኑ ቢገነጠል ግድ የለም።

ያለ ደረሰኝ ለማንም እንዳትሰጡ። የገባውና የወጣው በየወሩ በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ኮሚቴው እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ትምህርት ቤቱ ግቢ ይገኛል።

ያ ልጅ ዓመቱን በሙሉ የሰው በግ ሲጠብቅ ከረመ። እናቱን ሄጄ አነጋግሬአታለሁ። «ብር ካልተጠየቅኩ ነገውኑ አመጣዋለሁ» ብላኛለች። ምዝገባው ነሐሴ መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ድረሱልን።