ለደላላው መልስ ከመስጠትህ በፊት

ወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እማዬስ? እኔ ከናንተ ናፍቆት በስተቀር በጣም ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሰላምታውን በዚሁ ላሳጥረውና ጉለሌ ስላለው ቤታችን ወደላክኸው የድምፅ መልእክት ልግባ።

ዝም ያልኩህ ተቀይሜ አይደለም። በስልክ ብናወራ እንደተለመደው እንጯጯሃለን ብዬ ነው። አንተ "አንቺ ውጭ ተቀምጠሽ ፎቶውን ትወጂዋለሽ፣ ዝናቡ የሚወርደው ግን እኛ ላይ ነው" ትላለህ። እኔ "ገንዘቡን ማን ይልካል?" እላለሁ። ከዚያ እማዬ ስልኩን ትቀማሃለች። በወረቀት ሲሆን ግን ሳታቋርጠኝ ታስጨርሰኛለህ። ለእማዬም አንብብላት። ስለ ሥራዬ የጻፍኩት ላይ ስትደርስ ዝለለው።

ደላላው ያመጣው ሰውዬ ቦታውን ወስዶ አፓርታማ እንደሚሠራ፣ ለኛም ሁለት ቤት እንደሚሰጠን ነግረኸኛል። ለሠርግህ የሚሆን ቀብድ አሁኑኑ እንደሚከፍልም። እንደሚያጓጓ አይጠፋኝም። ባንተ ቦታ ብሆን የኔም ልብ ይከጅል ነበር። ግን መልስ ሳትሰጠው አንድ ነገር እንሞክር። ቤቱን በቅርስነት እናስመዝግበው።

አትሳቅ። ቅርስ ሲባል ላሊበላና አክሱም ብቻ እንደሚታይህ አውቃለሁ። ቅድመ አያታችን ራስ አልነበሩም፣ ደጃዝማችም አልነበሩም። እስቲ አንድ ቅዳሜ ሙሽሪትን ይዘህ መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለውን የአዲስ አበባ ሙዚየም እየው። የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል መኖሪያ ነበር። ከኛ ጋር ሲተያይ ቤተ መንግሥት ነው። ግን በረንዳውን ልብ ብለህ እየው። ከዚያ ጉለሌ ተመልሰህ የኛን እየው። ከታች ድንጋይ፣ ከላይ እንጨትና ጭቃ፣ ዙሪያውን የእንጨት በረንዳ፣ ከላይ ሾጠጥ ያለ ቆርቆሮ። አዲስ አበባ ገና ስትቆረቆር የሕንድና የአርመን አናጢዎች ከኛ ባለሙያዎች ጋር ሆነው ያቆሟቸው ቤቶች እንዲህ ናቸው። የመኳንንቱ ቤት ቢያንስ ስም አለው፣ የሚጮህለት አያጣም። እንደኛ ያለው የተራ ሰው ቤት ግን ሲፈርስ ማንም ልብ አይለውም። ለዚህ ነው ባለቤቱ ራሱ መጮህ ያለበት።

ይህ ሐሳብ ከየት መጣባት ትል ይሆናል። ከሥራዬ ነው። (ከዚህ ጀምረህ ዝለል።) አሁን የማግዛቸው አንዲት ሴትዮ አሉ፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ጠዋት አስነሳቸዋለሁ፣ አጥባቸዋለሁ፣ ምግብ አቀርባለሁ። ሌሊት ደግሞ ሌላ ቦታ ፈረቃ ይዣለሁ። ከባድ አይደለም፤ ወገቤን ትንሽ ያመኛል እንጂ። (እስከዚህ።) ሴትዮዋ የሚኖሩበት ቀይ የጡብ ቤት በቶሮንቶ ከተማ ምክር ቤት ደንብ በቅርስነት የተሰየመ ነው። መጀመሪያ ስሰማ የንጉሥ ዘመድ መስለውኝ ነበር። ለካ ባለቤታቸው የባቡር ሠራተኛ ነበሩ።

ቶሮንቶ ያለችበት ክፍለ ግዛት፣ የኦንታሪዮ፣ የቅርስ ሕግ የወጣው በነሱ አቆጣጠር በ1975 ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ምክር ቤቱ አንድን ቤት ሊሰይም ሲያስብ ለባለቤቱና ለሕዝብ ያሳውቃል። የተቃወመ በ30 ቀን ውስጥ ተቃውሞውን በጽሑፍ ያስገባል። ደንቡ ከጸደቀ በኋላ ከቤቱ የባለቤትነት መዝገብ ጋር ይያያዛል፤ ቤቱ ቢሸጥ እንኳ ለገዢው ይተላለፋል። ደስ የሚለኝ ግን ሌላ ነው። ደንቡ በዚያ ቤት ላይ ምን ምን እንደሚጠበቅ አንድ በአንድ ይጽፋል። ሴትዮዋ ወጥ ቤታቸውን አፍርሰው እንደ አዲስ ሲያሠሩ ለቅርስ ብሎ የጠየቃቸው የለም። የፊት ለፊቱን መስኮት ሊቀይሩ ሲሉ ግን ማመልከቻ፣ ሥዕል፣ ፈቃድ። በክረምት ብርዱ በመስኮቱ ሲገባ "መንገደኛው ያምርበታል፣ እኔ እንቀጠቀጥበታለሁ" እያሉ ይራገማሉ። ወንድሜ፣ ይህን ስሰማ አንተን ነው ያስታወስኩት። ቃል በቃል የአንተ ንግግር ነው! ስለዚህ የምትለው ገብቶኛል። የቤቱን ውበት ሁሉም ይካፈለዋል፣ ጣጣውን ግን የሚችለው ውስጡ የሚኖረው ነው።

ደግሞ ይህም ሕግ ሲወለድ ጥርስ አልነበረውም። በነሱ አቆጣጠር እስከ 2005 ድረስ ምክር ቤቱ የተሰየመ ቤት እንዳይፈርስ ማዘግየት እንጂ ጨርሶ መከልከል አይችልም ነበር። የታገሠ ባለሀብት ጊዜው ሲያልፍ ያፈርሰዋል። ብዙ ቤት ከሄደ በኋላ ነው ያሻሻሉት።

እነሱ ያንን ሕግ ባወጡበት ዓመት እኛ አገር ምን እንደወጣ ታውቃለህ? ሐምሌ ላይ፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967። አያታችን ዋናውን ቤት ይዘው ቀሩ፤ ግቢው ውስጥ ያከራዩዋቸው ክፍሎች ተወረሱ። እነዚያ ክፍሎች ዛሬም የቀበሌ ቤት ናቸው። እማዬ "ምዝገባ" የሚለውን ስትሰማ ፊቷ እንዴት እንደሚለዋወጥ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። "ደግሞ ሊወርሱን ነው?" ትላለች። ቀስ ብለህ አስረዳት። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በመንግሥትም በግለሰብም ባለቤትነት ሊያዝ ይችላል ይላል። በቅርስነት መመዝገብ ቤቱን ከእጇ አያወጣውም።

የማይመቸውንም ልንገርህ፤ በኋላ "ደበቀችኝ" እንዳትል። በዚሁ አዋጅ ቅርስ የያዘ ሰው በራሱ ወጪ ይጠብቀዋል። ጥገና ለማድረግ አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ማግኘት አለበት። ለሌላ ሰው ሊያስተላልፍ ሲልም ማሳወቅ ግዴታው ነው፤ መንግሥት ቀድሞ የመግዛት መብት አለው። ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ከሆነ መንግሥት ከፊሉን ሊያግዝ እንደሚችል ተጽፏል፤ እኔ ግን በዚህ ላይ ተስፋ ጥዬ ቆርቆሮ አልጠብቅም። ደግሞ ተመዘገበ ማለት ለዘላለም ተረፈ ማለት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ፒያሳ ሲፈርስ ቪዲዮውን ከዚህ ሆኜ አይቻለሁ። ለኮሪደር ልማቱ የሚቆረጠው መስመር የት እንደሚያልፍ እኔም አንተም አንወስንም። ግን በመዝገብ ላይ ያለ ቤት ሲነካ ቢያንስ አንድ ቢሮ "ቆይ" የማለት ኃላፊነት አለበት። ያልተመዘገበውን የሚያስታውሰው ሰፈሩ ብቻ ነው።

ጣሪያውን ለኔ ተወው። ከወር ወር ከምልከው ውጪ ነው፤ ከየት አመጣሽው አትበለኝ። የሠርጉም አይነካም።

አሁን ወደ ሠርግህ። ሽማግሌ ሲላክ አልነበርኩም፣ ጥሎሽ ሲሄድ አልኖርም፣ መልስም ላይ የለሁም። ወረቀቴ ገና ነው። ይህን ስንቴ እንደጻፍኩት አላውቅም፤ መጻፉ ራሱ ሰልችቶኛል። ሙሽሪትን በቪዲዮ ነው የማውቃት። ግን ወድጄአታለሁ። ያለችውን ነግረኸኛል፤ "ሌሊት ግቢ አቋርጬ ሽንት ቤት አልሄድም" ብላለች። ልክ ናት! እማዬም እኔም ስንሄድ የኖርነው ወደን አልነበረም። ቅርስ ማለት በችግር መኖር ነው ያለህ ማን ነው? የቤቱ ክብር ያለው ፊቱ ላይ ነው፤ በረንዳው፣ ደረጃው፣ የጣሪያው ቅርጽ። ከኋላ በኩል፣ ድሮ ማድቤቱ በነበረበት፣ መታጠቢያና ወጥ ቤት ለመጨመር በማመልከቻህ ላይ አብረህ ጠይቅ። ሳታስፈቅድ ግን አንድ ጡብ እንዳታስቀምጥ። ከተፈቀደልህ ሙሽራህ በሞቀ ውሃ ትታጠባለች፣ በረንዳውም ይቆማል።

እዚህ ዝናብ ድምፅ የለውም። ጣሪያው ምን እንደሆነ እንጃ፣ መስኮት ካላየሁ መዝነቡን አላውቅም። ሰኔ ላይ ቆርቆሮው ሲንጎዳጎድ ሬዲዮ አልሰማ ብሎ አባባ የሚናደዱት ትዝ ይልሃል? ከበሩ ጀምረው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ አንተ ኳሷን ከደረጃው ሥር ትደብቃለህ። ደብተር ይዘን ሁላችንም ጨዋ እንሆናለን። ሰውዬው የሚሰጠን ሁለት አፓርታማ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነ እንኳ አልነገርከኝም። እማዬ እዚያ ላይ ሆና ማንን ነው "ቡና ጠጡ" ብላ የምትጠራው?

እሺ፣ ይህን የምለው ናፍቆት ይዞኝ ነው። አንተ የምትለው የእማዬን ጉልበት ነው፤ እሱም እውነት ነው። ደረጃው እየገደላት ነው ብለሃል። አልጋዋን ታች ወዳለው ክፍል አውርድላት። ክፍሉ እርጥበት ካለው መጀመሪያ ወለሉን እናሠራዋለን፤ ለክተህ ንገረኝ። ለደረጃው የሚያዝ እንጨት ይደረግላት። ደግሞ "ደህና ናት" አትበለኝ። ደህና ናት ማለት ምን ማለት ነው? የደም ግፊት መድኃኒቷን በየቀኑ ትውጣለች ወይስ ሲሻላት ትተወዋለች? ሐኪሙ ስለ ጉልበቷ ያለውን ቃል በቃል ጻፍልኝ። በስልክ ስትስቅልኝ ልታታልለኝ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም እንደዚያው ስለማደርጋት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። በቀበሌዎቹ ክፍሎች የሚኖሩትን ጎረቤቶቻችንን አልጠቀስክልኝም። ሰውዬው ስለነሱ ምን አለ? አባባ ሲያርፉ ድንኳኑ ሥር እሳት ሲያነዱ፣ ወጥ ሲሠሩ ያደሩት እነሱ ናቸው። እኔ ከዚህ ብር ስልክልህ አንተን ሐኪም ቤት የወሰዱህም እነሱ ናቸው። ግቢው አፓርታማ ሲሆን ምትክ ይሰጣቸዋል ወይስ ዕቃቸውን ይሸከማሉ? ይህን ሳታውቅ "ሁሉም ተስማምቷል" አትበለኝ። ሁሉም የምትለው አንተና ደላላው ናችሁ።

ተናድጄ ነው፤ ይቅር በለኝ።

ሥራው ከባድ አይደለም። የእማዬን የብረት ሳጥን ክፈት። ካርታው አለ። የድሮ የማዘጋጃ ቤት የግብር ደረሰኞችም በጨርቅ ተጠቅልለው ነበር፤ የአያታችን ስምና ዓመቱ ያለበትን ለይ። አባባ በልጅነታቸው በረንዳው ላይ የተነሡት ፎቶ አለ፤ ከኋላቸው የጣሪያው ጠርዝ ላይ ያለው የእንጨት ጥልፍ በደንብ ይታያል፤ ዛሬ ግማሹ ወድቋል። ያ ፎቶ ከሁሉም ይበልጣል። ቤቱን የሠራው ሕንዳዊ አናጢ ነው የሚባለውን ማመልከቻው ላይ እንደ ወሬ ሳይሆን ከሽማግሌዎች አስጠይቀህ ጻፈው። ማስረጃ ካልተገኘ ተወው፤ ላላረጋገጥነው አንምልም። ቤቱን ከአራቱም አቅጣጫ ፎቶ አንሣው፣ የፈረሰውንም አትደብቅ። ከዚያ የከተማው ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ ትሄዳለህ። ማመልከቻህን መዝገብ ቤት ቁጥር አሰጥበት፣ ቀሪውን በማኅተም ተቀበል። "ነገ ና" ሲሉህ ተመለስ። እንደሚሉህ ታውቃለህ።

ደላላው ቢደውል "እህቴ አልፈረመችም" በለው። ውሸት አይደለም፤ የወራሽነት ማስረጃው ላይ ስሜ አለ። ይህን እንደ ማስፈራሪያ አትውሰደው። ትንሽ ግን ማስፈራሪያ ነው።

በል፣ የሙሽሪትን የጫማ ቁጥር ላክልኝ፤ ከፋሲካ በፊት የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ። የእማዬን መድኃኒት ካርቶኑን ፎቶ አንሥተህ ላክ፣ ስሙ ይነበብ። ጣሪያው ስንት ቆርቆሮ እንደሚፈጅም በአናጢ አስለካው፤ በዓይንህ ገምተህ አትንገረኝ።

እህትህ