የአቪዬሽን ክበብ የ2018 ዓ.ም. ዘገባ

«አውሮፕላን በማያርፍበት ከተማ የአቪዬሽን ክበብ ምን ሊሠራ ነው?» የሚለው ጥያቄ ዘንድሮም አልቀረልንም። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ በቀልድ፣ በወላጆች ስብሰባ ላይ ደግሞ በቁም ነገር ተጠይቄያለሁ። ደብረ ብርሃን የባህር ወደብም የላትም፤ የጂኦግራፊ መምህራችን ግን ስለ ውቅያኖስ ማስተማራቸውን አልተዉም።

መደበኛውን ሥራ ቶሎ ልለፈው። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ተሰብስበናል፣ አመራር መርጠናል፣ በሰልፍ ሰዓት በሚኒ ሚዲያ ዝግጅት አቅርበናል፣ የግድግዳ ጋዜጣ አውጥተናል። ቃለ ጉባኤው በክበባት አስተባባሪው እጅ ስለሚገኝ የፈለገ ማየት ይችላል።

መስከረም ላይ የተመዘገበው ልጅ ሁሉ «ካፒቴን» ነበር። ህልማቸውን መንካት አልፈለግንም፤ መንገዱን ግን ቁልጭ አድርገን አሳየናቸው። በዓለም አቀፉ ደንብ የንግድ አብራሪነት ፈቃድ ለማውጣት 18 ዓመት መሙላት፣ ጥብቅ የጤና ምርመራ ማለፍና 200 ሰዓት መብረር ያስፈልጋል። በተፈቀደለት ማሠልጠኛ ተከታታይ ሥልጠና ለሚወስድ 150 ሰዓት ይበቃል። የትልቅ አየር መንገድ አውሮፕላን በካፒቴንነት ለማዘዝ የሚያበቃው ፈቃድ ግን 1,500 ሰዓት ይጠይቃል፤ እስከዚያ ያሉት ዓመታት በረዳት አብራሪነት የሚገፉ ናቸው። እንግሊዝኛም ራሱን የቻለ ፈተና አለው። ይህን ከሰሙ በኋላ ወደ ድራማ ክበብ የተዛወሩ አሉ፤ ይቅናቸው።

ሥራው አለ ወይ ለሚለው፣ ቦይንግ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ትንበያ በሚቀጥሉት 20 ዓመታት ዓለም 660,000 አዳዲስ አብራሪዎች እንደሚያስፈልጓት ገምቷል። ቦይንግ አውሮፕላን ሻጭ ነውና ቁጥሩን እየተጠራጠራችሁ አንብቡ ብያቸዋለሁ። እኔ ግን ደምቆ እንዲጻፍ ያደረግሁት ከሥሩ ያለውን ቁጥር ነው፦ 710,000 የጥገና ቴክኒሽያን። አብራሪ ያልሆነ ልጅ ከአቪዬሽን ውጭ ቀረ ማለት አይደለም። ጥር ላይ ቢሾፍቱ አጠገብ የአዲሱ ኤርፖርት ግንባታ ሲጀመር ደግሞ ክፍላችን ወንበር አልበቃው አለ። ሴቶች አባላትም በዝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአዲስ አበባ ባንኮክ የተደረገውን፣ ከአብራሪ እስከ አስተናጋጅ ሴቶች ብቻ የመሩትን የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ታሪክ በሚኒ ሚዲያ ያነበቡት እነሱ ናቸው።

የዓመቱ ትልቅ ጉዳያችን የሚያዝያው ጉዞ ነው። እቅዳችን ቦሌ ነበር። ለአንድ መሥሪያ ቤት የጻፍነው ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀረ፤ የአውቶቡስ ኪራዩም ከክበቡ ዓመታዊ በጀት በላይ ሆነ። ስለዚህ የመንገዱን ሁኔታ አጣርተን፣ ወላጅ አስፈርመን፣ በተዋጣ ገንዘብ ወደ ጣርማበርና ሸዋ ሮቢት ወረድን። «ሽርሽር ነው» ያላችሁን ይህን አንብቡልን።

ጣርማበር አናት ላይ፣ ብርዱ ጆሮ እየቆረጠ፣ እያንዳንዱ ልጅ የያዘውን ሃይላንድ ጠጥቶ ባዶውን ፕላስቲክ ክዳኑን ጥብቅ አድርጎ ዘጋ። ደብረ ሲናን አልፈን ቁልቁለቱን ስንያያዘው አውቶቡሱ ውስጥ ቋ፣ ቋ ማለት ጀመረ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ጃኬት ሁሉ ወልቋል፤ ፕላስቲኮቹም ጥርስ እንደሌለው ሰው ጉንጭ ጎናቸው ገብቷል። ክዳኑን ላላ ሲያደርጉት እስስ ብሎ ወደ ቅርጹ ይመለሳል። ላይ የዘጋነው አየር ስስ ነው፤ ታች ያለው ወፍራም አየር ጨመቀው።

ከዚያ ወደ አውሮፕላኑ ሄድን። የመንገደኛ አውሮፕላን 11,000 ሜትር ገደማ ላይ ሲበር ውጭ ባለው አየር ሰው መኖር ስለማይችል፣ ውስጡ በግፊት ይሞላል፤ ተሳፋሪው የሚተነፍሰው ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ዓይነት አየር ነው። ይህን ስናገር ዓመቱን ሙሉ ከኋላ ተቀምጣ ድምጿን ያልሰማነው የ11ኛ ክፍል የመንዝ ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ነው ብለውን አልነበር?»

«ነው።»

«እንዲህ ከሆነማ እኛ ክፍላችን ቁጭ ብለን ከተሳፋሪው የሳሳ አየር ነው የምንተነፍሰው። እናቴ ደግሞ መሐል ሜዳ ናት፤ እሷማ ከሁላችንም በላይ ናት።»

ልጆቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፤ ደብተሯ ላይ እየጻፈች ነበር። ይህን ያህል ዘመን ፊዚክስ ሳስተምር ነገሩን በዚህ በኩል ያየው ተማሪ አልገጠመኝም፤ እውነቱን ለመናገር ጉሮሮዬን ያዝ አደረገኝ። በማግስቱ «ታዲያ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለ ኤርፖርት ማኮብኮቢያው ለምን ይረዝማል?» ብላ መጣች። መልሱን ራሷ ሠርታ በግድግዳ ጋዜጣው አወጣችው። አየሩ ሲሳሳ ክንፉም ሞተሩም የሚይዙት አየር ያንሳል፤ አውሮፕላኑ ለመነሳት የበለጠ መፍጠንና የበለጠ መንደርደር አለበት። ከ2,300 ሜትር በላይ ያለውን ቦሌን በምሳሌነት አቅርባለች። ይህች ልጅ የተማረችው ቤተ ሙከራው የዕቃ ማከማቻ በሆነበት ትምህርት ቤት ነው።

ያልተሳካልንም አለ። ፍላይትጊር የተባለውን ነፃ የበረራ ማስመሰያ ኮምፒውተር ክፍል ላይ ጫንነው፤ ማሽኖቹ ግን አልቻሉትም። አንድ መምህር በራሳቸው ላፕቶፕ ቢታደጉንም፣ ባትሪው ያረጀ ነውና ልጆቹ ሊያርፉ ሲሉ መብራት ይሄዳል። ከጎበዞቻችን አንዱ ቀይና አረንጓዴ ለመለየት እንደሚቸገር ዘንድሮ አወቀ። ለአብራሪነት ከባድ ነገር ነው፤ የመጨረሻው ቃል የሐኪም ስለሆነ ወደ ዓይን ክሊኒክ ልከነዋል። ክበቡን አልተወም።

ለወላጆች ቀን ድንኳን የሚከራየው ትምህርት ቤት ለአንድ ክበብ ኮምፒውተር ይቸግረዋል ብዬ አላምንም። የምንጠይቀው ማስመሰያውን የሚችል አንድ ኮምፒውተር፣ መሪና ፔዳል፣ ለቦሌው ጉዞ ደግሞ የአንድ ቀን አውቶቡስ ነው። ወላጆች በወላጅ መምህር ህብረት (ወመህ) በኩል ልታግዙን ትችላላችሁ። በአየር መንገድ የምትሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቻችን፣ አብራሪም ሁኑ ቴክኒሽያን ወይም አስተናጋጅ፣ ቤተሰብ ልትጠይቁ ስትመጡ አንድ ሐሙስ ብቅ በሉ፤ ቡናው ከእኛ ነው።

የክበቡ ተጠሪ መምህር