ይድረስ ለአባቴ፦ ስለ ዒላማ ተኩስና ስለ ጆሮዎ

ለተከበሩት አባቴ፣ ጎንደር

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እማዬስ እንዴት ናት? ጎረቤቱስ ሁሉ ሰላም ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤ መጻፌ እንዳያስደነግጥዎ፤ በስልክ መነጋገሩ ለሁለታችንም ስላስቸገረን ነው። ባለፈው እሑድ አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ደግሜልዎት በመጨረሻ ስልኩን ለእማዬ ሲሰጧት ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ።

ጥር ላይ ለሥላሴ ንግሥ በመጣሁ ጊዜ ያየሁትን እስካሁን አልነገርኩዎትም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቆመን ካህናቱ ሲያሸበሽቡ፣ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ዛሬ ጸናጽል አልያዙም እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ጸናጽሉ በሁሉም እጅ ነበረ፤ ከቆምንበትም አሥር እርምጃ አይርቅም ነበር። ከበሮውን ግን አጥርተው ይሰሙት ስለነበር ከምቱ ጋር ራስዎን ይነቀንቁ ነበር። ያን ጊዜ መልስ መስጠት አቃተኝና ዝም አልኩ። ተኩስ የጎዳው ጆሮ አስቀድሞ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ ጉዳቱ በአብዛኛው ከ3000 እስከ 6000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) ባለው ድምፅ ላይ ይጀምርና ወፍራሙን ድምፅ ለጊዜው ይተወዋል። እማዬ «ሻማ» ስትል «ሳማ» የሚሰሙትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እነዚያ ቀጫጭን ፊደላት ናቸው የሚያመልጡዎት። ስልክ ሲይዙ ሁልጊዜ ቀኝ ጆሮዎ ላይ እንደሚያደርጉትም አስተውያለሁ። ሰደፉን በቀኝ ትከሻ ደግፎ የሚተኩስ ሰው ግራ ጆሮው ወደ አፈሙዙ ስለሚቀርብ፣ ቀኙን ደግሞ ራሱ ስለሚከልለው፣ ቀድሞ የሚደክመው ግራው ነው።

በውትድርናው ዘመን የነበረው አልፏል፤ ጥጥ ከመጠቅጠቅ ሌላ ምን አማራጭ ነበራችሁ? በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ፀጉር መሰል ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ መልሰው አይበቅሉም፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን የቀሩት ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ለጥበቃ ሠራተኞቹ ዒላማ ተኩስ ማስተማርዎን እንዲተዉ አልለምንዎትም። ሥራው ደስታዎ እንደሆነ፣ ከዚያ ሲመለሱ ፊትዎ እንዴት እንደሚፈካ አውቃለሁ። የምለምንዎ ጆሮዎን ሸፍነው እንዲያስተምሩ ብቻ ነው።

ወንድሜ የገዛልዎትን ኤርፖድ፣ ያን ጆሮ ውስጥ የሚገባ ማዳመጫ፣ በተኩስ ጊዜ እንደሚያደርጉት እማዬ ነገረችኝ። ልጁ በቅን ልቡ ነው የገዛው፤ «ውጭውን ድምፅ ያጠፋል» ተብሎ የተሸጠለትም ውሸት አይደለም። ነገር ግን ያ ዕቃ የተሠራው እንደ አውቶቡስና እንደ አውሮፕላን ሞተር ሳያቋርጥ ለሚያጉረመርም ድምፅ ነው፤ ጩኸቱን እያዳመጠ ተቃራኒ ሞገድ ይለቅበታል። የጥይት ድምፅ ግን በሰከንድ ሺህኛ ክፍልፋይ ውስጥ ጫፉ ላይ ደርሶ ያበቃል፤ ስለዚህ ማሽኑ አይደርስበትም። በኤርፖዱ ጫፍ ላይ ያለችው ጎማም ዘፈን እንዲሰማ እንጂ ጆሮ እንዲደፈን ታስባ አልተሠራችም። ዜናና መዝሙር ይስሙበት፤ ወደ ተኩስ ሜዳ ግን ይዘውት አይሂዱ።

የድምፅ ኃይል የሚለካው በዴሲቤል ነው፤ ሰው ሲያወራ ድምፁ 60 ዴሲቤል ገደማ ነው። እንደ ተኩስ ላለ ድንገተኛ ድምፅ፣ ያልተሸፈነ ጆሮ ሊያልፈው የማይገባው ወሰን 140 ዴሲቤል ነው። ትንሿ .22 ጠመንጃ እንኳ እዚያው ወሰን አካባቢ ትደርሳለች፤ እናንተ የምትተኩሱበት ክላሽ ደግሞ ከ150 በላይ ይወጣል። ቁጥሩ በ3 ብቻ ሲጨምር የድምፁ ጉልበት እጥፍ ስለሚሆን፣ የ10 ልዩነት አሥር እጥፍ ማለት ነው። ከግንብ አጠገብ ወይም ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሲተኮስማ ድምፁ ተመልሶ ይመጣል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሁለት ዓይነት ዕቃ በአውቶቡስ እልክልዎታለሁ። አንደኛው ተጠቅልሎ የሚገባ የስፖንጅ መሰኪያ ነው። ሁለተኛው ጆሮን ከውጭ የሚከድን፣ ማይክሮፎን ያለው መሸፈኛ ነው። ይህን ሁለተኛውን ስመርጥ ረጅም ጊዜ የወሰደብኝ፣ ከዚህ ቀደም የተሰጥዎትን ተራ መሸፈኛ ለምን እንደሚያወልቁት ስለማውቅ ነው፤ ሠልጣኙ የሚጠይቅዎትን ሳይሰሙ፣ «ተኩስ አቁም» የሚለው ትእዛዝ መሰማቱን ሳያረጋግጡ ማስተማር አይሆንልዎትም፤ በዚህም እውነት አለዎት። አዲሱ መሸፈኛ ዝቅተኛውን ድምፅ፣ የሰውን ንግግር ጭምር፣ አጉልቶ ያሰማል፤ ድምፁ ወደ 82 ወይም 85 ዴሲቤል ሲደርስ ግን ማጉላቱን ያቆማል። ባትሪ ድንጋዩ ቢያልቅ እንኳ የሚከላከለው ሽፋኑ ስለሆነ ጆሮዎ አይጋለጥም፤ የሚያጡት ንግግር መስማቱን ብቻ ነው።

በማሸጊያው ላይ «ኤንአርአር» ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ቁጥር ያገኛሉ፤ ዕቃው በላቦራቶሪ ሲለካ ምን ያህል ድምፅ እንደሚቀንስ የሚናገር ነው። በመሰኪያው ላይ 33፣ በመሸፈኛው ላይ 22 ይላል። ሁለቱን ሲደርቡ 55 አይሆንም፤ በትልቁ ቁጥር ላይ 5 ያህል ቢጨምር ነው፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ድምፁ በራስ ቅል አጥንት በኩል ይገባል። ቢሆንም እርስዎ ቀኑን ሙሉ የሌላውን ሁሉ ተኩስ አጠገቡ ቆመው ስለሚቀበሉ፣ ሁለቱንም ደርበው የማይክሮፎኑን ድምፅ ከፍ እንዲያደርጉት እፈልጋለሁ። ከመሰኪያው በላይም ቢሆን ንግግር ይሰማዎታል።

አሁን ዋናው ነገር አደራረጉ ነው። እኔ ፋብሪካ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ስፖንጁን ግማሽ ድረስ ብቻ ሸጉጬ ደህና የደፈንኩ መስሎኝ ስሠራ ውዬ፣ ማታ ጆሮዬ ጭው እያለ ሁለት ቀን አልለቀቀኝም። ዕቃው ምንም ጉድለት አልነበረበትም፤ አላስገባሁትም ነበር። ስለዚህ እጅዎን ታጥበው ስፖንጁን በሦስት ጣት እያሽከረከሩ፣ ጭራሮ እስኪመስል ድረስ ሳይታጠፍ ያቅጥኑት። ቀኝ ጆሮ ከሆነ ግራ እጅዎን በራስዎ ላይ አሳልፈው የጆሮዎን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ ያድርጉ፤ ይህ ቀዳዳውን ያቀናዋል። ከዚያ ወዲያው አስገብተው፣ እስኪነፋና እስኪሞላ ድረስ ግማሽ ደቂቃ ያህል በጣትዎ ደግፈው ይያዙት። በደንብ ከገባ የራስዎ ድምፅ ጋን ውስጥ ሆነው የሚናገሩ ያህል ይወፍርብዎታል።

ጠዋት ብርድ ሲሆን የሚያደርጉትን የሱፍ ኮፍያ ከመሸፈኛው ሥር አያድርጉት። የመነጽርዎ ወፍራም እጀታም ትራሱን ከፍ አድርጎ ድምፅ የሚገባበት ክፍተት ይተዋል፤ መሰኪያውን ደርቡ ያልኩበት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው። የመሸፈኛው ትራስ ሲደርቅ ወይም ሲሰነጠቅ ንገሩኝ፣ ሌላ እልካለሁ። ሁለት ጥንድ ስፖንጅም በኮትዎ ኪስ ይኑር፤ በሰርግም በለቅሶም ሳይታሰብ የሚተኮስበት አገር ነውና። ከተኩስ በኋላ ጆሮዎ ቢጮህ ወይም መስማት ድንገት ቢቀንስብዎ ደግሞ ውሎ ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ «ይተወኛል» ብለው አይቆዩ።

ስፖንጁን በሦስት መጠን ልኬዋለሁ፤ የግራና የቀኝ ጆሮ ቀዳዳ እኩል ላይሆን ስለሚችል ለየብቻ ይሞክሩት። ከቅዳሜ በፊት እቤት ውስጥ፣ ሬዲዮው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያወራ ሁለቱንም ጆሮዎን በስፖንጁ ይሰኩና መዳፍዎን በጆሮዎ ላይ ክድን ክፍት ያድርጉ። ሲከድኑት የሬዲዮው ድምፅ በጣም ከቀነሰ መሰኪያው አልገባም ማለት ነው፤ አውጥተው ደግመው ያስገቡት። ልዩነት ካጡበት ገብቷል። ለየትኛው ጆሮ የትኛው መጠን እንደሆነ በእማዬ በኩል ይላኩብኝ፤ ለዓመት የሚበቃዎትን በዚያው ልክ ገዝቼ እልካለሁ።

አክባሪ ልጅዎ