ሲሳይ ስለሚባለው ቃል

ይድረስ ለውድ ልጄ። ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን።

ባለፈው ደብዳቤሽ ባልደረባሽ ከሥራ በመሰናበቱ የእሱ ቦታ ለአንቺ መሰጠቱን ገልጸሽ «ያልታሰበ ሲሳይ ዱብ አለልኝ» ብለሻል። ዕድገቱ በእውነት አስደስቶኛል፤ በቃሉ ላይ ግን የምልሽ አለኝ።

ሲሳይ «መገበ» የሚል ፍቺ ካለው «ሴሰየ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ስለሆነ፣ መነሻው ምግብ፣ ያውም ከሰጪ እጅ የሚቀርብ ምግብ ነው። በአቡነ ዘበሰማያት «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም» ስንል የምንለምነው የዕለቱን ብቻ ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 16 እንደተጻፈው፣ እስራኤላውያን መና በወረደላቸው ጊዜ ለያንዳንዱ ሰው 1 ጎሞር እንዲሰበስቡ ታዘው ሳለ፣ አንዳንዶቹ ለነገ ብለው ያስተረፉት ተልቶ ሸተተ። የቁርኣን የአማርኛ ትርጉምም አላህ ለፍጡሩ የሚሰጠውን ሪዝቅ «ሲሳይ» ይለዋል፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቃሉን ከእኛ እኩል የሚያከብሩት ያለ ነገር አይደለም። ገድ ሌላ ነው፤ ነጋዴ የማለዳ ደንበኛውን «ገደኛ ነህ» ሲለው ሰጪውን አያነሣም።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የቃሉ ሌላው ፊት ነው። በሬ ገደል ገብቶ ሲያድር «የጅብ ሲሳይ ሆነ»፣ ቤት ሲነድ ደግሞ «የእሳት ሲሳይ ሆነ» እንላለን። ለጅቡ ያልታሰበ ራት የሆነው ነገር፣ በማግስቱ ጠዋት ቀንበሩን ይዞ ለሚቆመው ገበሬ የዓመት እርሻው መስተጓጎል ነው፤ ቃሉ ግን ነገሩን የሚያየው ከበላተኛው ወገን ሆኖ ነው። ያ ባልደረባሽ ደብዳቤሽን ቢያነበው ራሱን ከማን ወገን ያገኘው ነበር? የሌላውን ሰው እንጀራ መቋረጥ የፈጣሪ ስጦታ ብሎ መጥራት ለእኔ ይከብደኛል። ሥራ ፈትተሽ በነበረ ጊዜ፣ አከራይሽ ሳትለምኛቸው «ስታገኚ ትከፍያለሽ» ብለው ኪራዩን የታገሡሽን ሲሳይ ብትይው ግን ማንም አይከፋውም፣ እኔም አሜን እላለሁ። የአሁኑን «ዕድገት አገኘሁ» ብለሽ ብትጽፊው ይበቃል።

ባልደረባሽ ልጆች እንዳሉት ነግረሽኝ ነበርና፣ ሌላ ሥራ አግኝቶ እንደሆነ በሚቀጥለው ደብዳቤሽ አሳውቂኝ።

እናትሽ