ቀኔ እንዴት እንደሚውል ለጠየቁኝ አባቴ

ስቶክሆልም፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተወደዱና ለተከበሩ አባቴ፤

እርስዎ፣ እማማ፣ እታለምና ልጆቿ፣ ጎረቤቶቻችንም ሁሉ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ከእናንተ ናፍቆት በስተቀር የጎደለብኝ ነገር የለም።

ባለፈው ቅዳሜ መስመሩ ከመቋረጡ በፊት «ሥራሽንም ደመወዝሽንም ነግረሽኛል፤ ቀንሽ ከጠዋት እስከ ማታ እንዴት እንደሚውል ግን አንድም ጊዜ አልነገርሽኝም፤ በወረቀት ጻፊልኝ» ብለውኝ ነበር። እውነትዎን ነው። በስልክ ስለ ጤናና ስለ ገንዘብ ጠያይቀን ሳንጨርስ ድምፁ ይቆራረጣል፤ በዚያ ላይ ስኒ በየትኛው እጅ እንዳቀበልኩና አውቶቡስ ውስጥ የት እንደተቀመጥኩ ከስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት መተረክ ያሳፍራል። እንግዲህ ካዘዙኝ ዘንድ፣ እንደ ተማሪዎችዎ ደብተር ቀይ እስክሪብቶ ይዘው እንደሚያነቡት እያወቅሁ፣ ጀምሬያለሁ።

መቼም የማንኛውም ቀን መነሻው ሰዓት ነው፤ የእኔ ችግርም የሚጀምረው ከዚያው ነው። የእጅ ሰዓቴ በደሴ ይቆጥራል፣ ስልኬ በስዊድን ይቆጥራል። በመጣሁበት ዓመት የጥርስ ሐኪም ቀጠሮዬ «በዘጠኝ ሰዓት» ነው ተባልኩና፣ የእነርሱ ዘጠኝ የእኛ ጠዋት ሦስት ነው ብዬ በብልሃቴ እየኮራሁ ማስታወሻዬ ላይ «3» ብዬ ጻፍኩ። ቀኑ ሲደርስ ደግሞ ያንኑ «3» እንደ እነርሱ አንብቤው ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። የቀረሁበትን ቅጣት ከፍዬ፣ ጥርሴን ይዤ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ ስጽፍ «በነርሱ» ወይም «በኛ» የሚል ቃል ከጎኑ እጨምራለሁ።

የእኛ ሰዓት ፀሐይን አምኖ የተሠራ ነው፤ ደሴ ላይ 12 ሰዓት ሲባል ክረምት ከበጋ ጎህ ከጦሳ ተራራ ጋር አብሮ ይታያል። እዚህ ግን ፀሐይዋ ራሷ የምትታመን አይደለችም። በሰኔ ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ወጥታ ምሽት 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ ትጠልቃለች፤ በታኅሣሥ ደግሞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ45 አካባቢ ትወጣና 9 ሰዓት ሳይሞላ ትገባለች። ይህን የጻፍኩልዎ በእኛ አቆጣጠር ነው። ነገሩን የባሰ የሚያወሳስበው፣ በማርች የመጨረሻ እሑድ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ገፍተው በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ መልሰው ወደ ኋላ ይጎትቱታል። ስለዚህ በእናንተና በእኔ መካከል ያለው ልዩነት በበጋቸው አንድ፣ በክረምታቸው ሁለት ሰዓት ይሆናል። ሰሞኑን ከኪዳን መልስ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሲደውሉልኝ እዚህ ገና ሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። አልነገርኩዎትም እንጂ ስልኩን የማነሣው ተኝቼ ነው፤ ድምፄ የሻከረውም ጉንፋን ይዞኝ ስላልሆነ እማማ ስለ ዳማከሴ መጨነቋን ትተው።

ከሁሉ ይበልጥ የተቸገርኩበትን አሁን ልንገርዎ፤ እርስዎ የቋንቋ መምህር ነዎትና ይፈርዱልኛል። እንደሚያውቁት የምሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። በስዊድንኛ ሁሉም ሰው የሚጠራው «ዱ» በሚል አንድ ቃል ነው፤ አንተም፣ አንቺም፣ እርስዎም በእርሱ ይጠቀለላሉ። ድሮ እንዲህ አልነበረም አሉ። ሰውን በማዕረጉ ካልጠሩ ነውር ነበርና ሐኪሙን ፊት ለፊት እያዩ «ዶክተሩ ቡና ይፈልጋሉ?» ይሉ ነበር። ልማዱ እየላላ ቆይቶ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1967 የሕክምና ጉዳዮች መሥሪያ ቤት የበላይ የነበሩት ብሮር ሬክሴድ ሠራተኞቻቸውን ሁሉ «ዱ» እያሉ በስማቸው እንደሚጠሩ ካስታወቁ በኋላ አገሩ በሙሉ ተከተላቸው። እኔ ግን ዘጠና ዓመት ያለፋቸውን ሰው በባዶ ስማቸው ልጥራ? የመጀመሪያዎቹን ወራት ስማቸውንም «ዱ»ንም ሳልጠራ፣ እጄን እያወዛወዝኩና ፈገግ እያልኩ አሳለፍኳቸው።

ኋላ «ኒ» የሚል ቃል እንዳለ አገኘሁ። የብዙ ቁጥር ነው፤ ለአንድ ሰውም ሊባል ይችላል፤ ልክ እንደ እኛ «እናንተ» ወደ «አንቱ» የሚጠጋ መሰለኝ። ደስ ብሎኝ በማግሥቱ ለአንዲት የ93 ዓመት እናት «ኒ ሻይ ይፈልጋሉ?» አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። እርሳቸው በልጅነታቸው በሰው ቤት ተቀጥረው ሲሠሩ፣ የቤቱ ሰዎች ማዕረግ የሌለውን የበታች የሚጠሩት በ«ኒ» ነበርና፣ ላከብር ብዬ ገረድ አደረግኋቸው። አዩልኝ እንግዲህ፤ ክብሩ በቃሉ ውስጥ ያለ መስሎኝ ነበር። አሁን በአፌ «ዱ» እላለሁ፤ ስኒውን ስሰጣቸው ግን በቀኜ ይዤ ግራ እጄን ከክርኔ ሥር አስደግፋለሁ። አንድ ቀን ክንዴን ያመመኝ መስሏቸው ጠየቁኝ፤ ምክንያቱን ነገርኳቸው። ሰሞኑን ባዶ ስኒውን ሲመልሱልኝ እርሳቸውም እንደዚያው ያደርጋሉ። ይቀልዱብኝ ወይም ያክብሩኝ አላወቅሁም። ልብ ብለው ከሆነ ደግሞ በስዊድንኛ «አንቺ» የምላቸውን ሴት ለእርስዎ ስጽፍ «እርሳቸው» አልኳቸው፤ ብዕሩ አላስጠየቀኝም።

በዚህ አገር ባዳነቴን ለአፍታ ያስረሳኝ አንድ ነገር ቢኖር የሥራ ባልደረባዬ ትንፋሽ ነው። ከሰሜን፣ ከኡሜዮ ወገን የመጣች ናት። የዚያ አገር ሰዎች «አዎ» ለማለት ቃል አያወጡም፤ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋሉ። የመጀመሪያ ቀን «ይህን አንሶላ ልቀይረው?» ብዬ ጀርባዬን እንደሰጠኋት ከኋላዬ ያ ድምፅ ሲመጣ፣ እማማ ወሬ ስትሰማ «እ!» እያለች ትንፋሿን የምትስበው መስሎኝ ዞርኩ። ሌሎቹ ስዊድኖች የሰሜኖቹን ልማድ እየጠቀሱ ይሳሳቃሉ፤ እኔና እርሷ ግን አንሶላ ስንዘረጋ አንዳንዴ አንድም ቃል ሳንናገር በትንፋሽ ብቻ እንግባባለን።

ስለ ጾሙ እንዳልረሳ። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ «ፊካ» የሚሉት የቡና ሰዓት አለ፤ በዓለም ላይ ብዙ ቡና ከሚጠጡ ሕዝቦች መካከል ስለሆኑ በዚህ አይቀልዱም። ከቡናው ጋር የሚቀርበው ቀረፋ የገባበት፣ በቅቤና በወተት የተለወሰ ዳቦ ነው። ረቡዕና ዓርብ «አልበላም» እላለሁ፤ ወዲያውም ከእንስሳት የሚገኝ ነገር የማልቀምስ «ቪጋን» ነኝ ብለው ደመደሙ። ሐሙስ ቀን ሥጋ ስበላ ያየችኝ ባልደረባዬ ያሳየችኝን ፊት ምነው ባዩት! የጾምን ነገር አስረድቼ፣ ከፋሲካ በኋላ ያሉትን ሃምሳ ቀናት ስጨምርበት ደግሞ ወረቀት አውጥታ ትጽፍ ጀመር። አሁን የነቢያት ጾም ገብቷል፤ በዚሁ መካከል የመሥሪያ ቤቱ የገና ግብዣ ሊመጣ ነው። ማዕዱ የአሳማ ሥጋ፣ የሥጋ ድብልብልና ዓይነቱ የበዛ በሆምጣጤ የተዘፈዘፈ ዓሣ ነው። የአሳማው ነገር በጾምም በፍስክም አያሳስበኝም። በዓሣው ላይ ግን እዚህ ያለን ሰዎች ራሳችን አልተስማማንም፤ «ይበላል» የሚሉ አሉ፣ «አይበላም» የሚሉም አሉ፤ «አይበላም» ከሚሉት አንዳንዶቹን ግን ሲበሉት አይቻለሁ። እኔ ድንችና ቀይ ሥር ይዤ ከማዕዘን ልቀመጥ ወስኛለሁ። ያልወሰንኩት ስለ አጃ ወተት ነው። በየሱቁ ሞልቷል፣ እንስሳ የሚባል አልነካውም፤ በቡናዬ ጠብ ሳደርገው ግን መልኩም ጣዕሙም ወተት ነው። የተከለከለ አይደለም፤ ነገር ግን ምላሴ ከተደሰተ ጾሙ ምኑ ላይ ነው? የሰፈራችንን መሪጌታ ቢጠይቁልኝና መልሱን ቢልኩልኝ እወዳለሁ፤ እስከዚያ ድረስ በሰኞና በማክሰኞ ብቻ እየጠጣሁ እጠብቃለሁ። ይህም ምክንያት እንደሌለው አውቃለሁ።

የቀረውን ስለ ቡና የምጽፈውን ለእማማ አያንብቡላት። በሥራ ቀን ቡናዬን ከትልቅ ኩባያ፣ ያለ ስኳር፣ ቆሜ፣ አንዳንዴም እየሄድኩ እጠጣለሁ። እሑድ ግን እቆላለሁ። መጀመሪያ የቆላሁ ዕለት ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ማስጠንቀቂያ ሕንፃውን በጩኸት ሞላውና ከላይም ከታችም ያሉ ጎረቤቶች በር እያንኳኩ መጡ። በሰባት ዓመት ውስጥ በሬ የተንኳኳው ያን ቀን ብቻ ስለሆነ ቢያንስ ተዋወቅን። አሁን መስኮቱን ሁሉ ከፍቼ፣ ውጭው ከዜሮ በታች ስምንት ቢሆንም፣ ካፖርትና ሹራብ ለብሼ ምጣዱን አማስላለሁ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ብቻውን ያለ ሰው ስንት ይጠጣል የሚል ነው። ለማን ብዬ ሦስት ጊዜ እቀዳለሁ? በአቦል ማቆም ደግሞ ከእናቴ ቤት ለወጣሁ ሰው የሚደፈር አይደለም። ስለዚህ አቦልና ቶናውን እሑድ እጠጣና በረካውን በፔርሙስ አድርጌ ሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ እጨርሰዋለሁ። ነገርኩዎ፤ ለእማማ አያንብቡላት።

አውቶቡስ ካነሣሁ አይቀር፣ እዚህ ባዶ ወንበር እያለ ሰው አጠገብ የሚቀመጥ የለም። መጀመሪያ ሰሞን ገብቼ ሰው አጠገብ ቁጭ ስል ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው ይስቡ ነበር፤ ቅር ይለኝ ነበር። ካቻምና ለፋሲካ ስመጣ ከፒያሳ ወደ ቧንቧ ውኃ በታክሲ ስሄድ አንዲት ሴት ከአጠገቤ ተቀመጠችና «ጠጋ በይልኝ የኔ እናት» ብላ ዘንቢሏን ከጉልበቴ ላይ አሳረፈችው። እኔም ቦርሳዬን ወደ ደረቴ ሳብኩት። እስከ ቤት ድረስ ተናደድኩ፤ በእርሷ አይደለም፤ በእጄ ነው። እማማ ስገባ «ምነው ፊትሽ ጠቆረ» ብላ ብትጠይቀኝ ራሴን አመመኝ አልኳት።

እንጀራውን በአጭሩ ልለፈው፤ የጤፍ ዱቄት አይጠፋም፣ ዋጋው ስለሚከብድ ከሌላ ዱቄት ጋር ደባልቄ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ እጋግራለሁ፣ አራት አራት አድርጌ በረዶ ቤት አስቀምጣለሁ። ለምሳ የምወስደውን ሽሮ በመሥሪያ ቤት ማሞቂያ የማሞቀው ሌሎቹ በልተው ከጨረሱ በኋላ ነው። ማንም «ሸተተን» ብሎኝ አያውቅም፤ ገምቼ ነው። ጫማ ደጃፍ ላይ ማውለቃቸውን ግን ወድጄላቸዋለሁ፤ ስመጣ በእናንተም ቤት ላስለምደው አስቤያለሁና እታለም ከአሁኑ ነጠላ ጫማ ታዘጋጅ።

ደብዳቤው ነገ ወደ አዲስ አበባ በሚበር ሰው እጅ ይመጣል፤ መነጽርዎንና የእማማን ሹራብ አብሬ ልኬያለሁ። ሰውየው በጥር ስለሚመለስ ጥቂት ኮሰረትና የእማማን በርበሬ በእርሱ ላኩልኝ፤ ቡና ግን አትላኩ፣ ሻንጣው ይከብደዋል፤ እዚህም የይርጋ ጨፌ አይጠፋም።

ሌላም ብዙ ነበረኝ፤ ነገር ግን እዚህ ልብስ የሚታጠበው ከሕንፃው ምድር ቤት ባለ የጋራ ክፍል፣ በተራ ነው። ተራው ለሦስት ሰዓት የሚያዝ ሲሆን፣ ባለፈው ወር ዐሥር ደቂቃ ብዘገይ አንዱ ጎረቤት ስሙን ሳይጽፍ «ሰዓት ማንበብ ለሁሉም ይጠቅማል» የሚል ወረቀት በማሽኑ ላይ ለጥፎልኝ ነበር። የየትኛውን ሰዓት እንደሆነ አልጻፈም። የዛሬው ተራዬ በነርሱ 6፣ በኛ 12 ሰዓት ላይ ነው፤ ሩብ ጉዳይ ሆኗል፣ ነጠላዬን ከቀለም ልብስ ገና አልለየሁም።

ልጅዎ