ፖስት ፒሉን ሳይሆን ኢንፌክሽኑን ፍሩት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ጀምሮ መጨረሻው ላይ ወጣት ሴቶች ክኒኑን አብዝተው እየወሰዱ መካን እየሆኑ ነው ወደሚል ማስፈራሪያ ዞረ። አዲስ አበባ ውስጥ መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ይህን ክኒን በየቀኑ እሸጣለሁ። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ፖስት ፒል የምንለው ሌቮኖርጄስትሬል የሚባል ሆርሞን ነው፣ 1.5 ሚሊ ግራም። ዋናው ሥራው እንቁላል እንዳይለቀቅ ማዘግየት ነው። በ72 ሰዓት ውስጥ ይወሰዳል፣ በቶሎ በተወሰደ ቁጥር ደግሞ የተሻለ ይሠራል። የተፈጠረን እርግዝና አያስወርድም። መካን አያደርግም። ማህፀንም አያደርቅም። ሊያቅለሸልሽ ይችላል፣ ራስ ያሳምማል፣ የወር አበባን ቀን ያዛባል። ደጋግማ የምትወስደውን ልጅ «ሌላ ዘዴ እንፈልግልሽ» የምላት ክኒኑ ስለሚመርዛት አይደለም፤ ከመርፌው፣ በክንድ ከሚቀበረውና ማህፀን ውስጥ ከሚቀመጠው ሉፕ ያነሰ አስተማማኝ ስለሆነና ወር አበባዋን እያመሰቃቀለ በየወሩ ስለሚያስጨንቃት ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው።

ሰኞ ጠዋት መድኃኒት ቤታችን ብትመጡ ታዩታላችሁ። የበዓል ማግስትማ አይወራም። አንዷ ሰው እስኪወጣ ድረስ ሻምፖ የምትመርጥ መስላ ትቆማለች። ሌላዋ ቀስ ብላ ጠጋ ትልና «ፖስት አለ?» ትላለች፣ ድምጿ በቅጡ አይሰማም። «ለጓደኛዬ ነው» የምትልም አለች። ሁሉም የሚጠይቁኝ ያው አንድ ነገር ነው፤ አላረግዝም አይደል? ከዚያ ወዲያ ጥያቄ የለም። ስለ ኤችአይቪ የምትጠይቀኝ ከስንት አንዷ ናት። እንደ እሱ በግንኙነት ስለሚተላለፉት ስለ ጨብጥና ስለ ክላሚዲያማ ማንም አያነሳም።

ልጆቹን አልወቅስም። እርግዝና ይታያል። ሆድ ይገፋል፣ ጎረቤት ያወራል፣ እናት ታለቅሳለች፣ ትምህርት ይቋረጣል። ኢንፌክሽን ግን ድምፅ የለውም። ለዚህ ነው ፍርሃቱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያጋደለው። በ2008 ዓ.ም በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑት መካከል ኤችአይቪ የተገኘባቸው ሴቶች 1.2 በመቶ፣ ወንዶች ደግሞ 0.6 በመቶ ነበሩ። ሴቶቹ እጥፍ ናቸው ማለት ነው። ከተማ ላይ 2.9፣ ገጠር ላይ 0.4 በመቶ ነበር። ስለዚህ ጉዳዩ በተለይ የከተማ ሴት ጉዳይ ነው፣ ያችው ፖስት ፒል የምትገዛዋ ሴት።

መካንነትን በተመለከተ ደግሞ እውነቱ እናንተ ከጻፋችሁት ጋር ጨርሶ አይገናኝም። ክላሚዲያና ጨብጥ ብዙ ሴቶች ላይ ምንም ምልክት አያሳዩም። ሳይታከሙ ሲቀሩ ወደ ላይ ይወጡና የማህፀን ቱቦን ያቆስላሉ፣ ሲብስም ይዘጉታል። ከዓመታት በኋላ አግብታ ልጅ ስትፈልግ እምቢ ይላታል። ያኔ «በልጅነቴ የወሰድኩት ክኒን ነው» ብላ ራሷን ትረግማለች፣ ባሏም አማቷም እሷን ይረግማሉ፣ ጥፋቱን ያደረሰው ኢንፌክሽን ግን ስሙ እንኳ አይነሳም።

ወንዶቹስ? ጨብጥ የያዘው ወንድ ብዙ ጊዜ ምልክቱ ይታየዋል። ሽንቱን ያቃጥለዋል፣ ፈሳሽ ያያል። እኛ ጋ መጥቶ «የሚያድን ነገር ስጪኝ» ይላል። ሐኪም ይይህ ስለው ይቆጣል። ፍቅረኛህስ፣ ነገርካት? ስለው ፊቱን ያዞራል። ሌላ ቦታ ሄዶ ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ ይገዛል፣ ይሻለዋል፣ ዝም ይላል። እሷ ምንም አላወቀችም። ምናልባት በዚያው ሳምንት እኔ ጋ መጥታ ፖስት ፒል ገዝታ ሄዳለች። ይህ በጣም ያናድደኛል። ሁለቱ አብረው ካልታከሙ በሽታው ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለሳል እንጂ አይጠፋም።

«ታዲያ ኮንዶም ለምን አይጠቀሙም?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ለልጆቹ አነሳዋለሁ። ክኒኑን ሰጥቻት «ይሄንንም ጨምሪ» ስላት ትደነግጣለች። «ኧረ እሱ ይያዝ!» ትላለች። ወይም «ኮንዶም ካልኩት አታምኚኝም ወይ ይለኛል» ትላለች። ይህን ስሰማ ስኖር የገባኝ ነገር አለ። ፖስት ፒል ነገሩ ካለፈ በኋላ የሚመጣ ስለሆነ «ሳላስበው ሆነ» ለማለት ይመቻል። ቦርሳዋ ውስጥ ኮንዶም የተገኘባት ሴት ግን አስባበታለች፣ ተዘጋጅታለች። እኛ ደግሞ ሳታስበው የሆነባትን ሴት አዝነን እናልፋታለን፣ አስባ የተጠነቀቀችውን ግን ስሟን እናጠፋለን። ስለዚህ ልጅቷ ጨዋ ለመባል ስትል ጤናዋን ለእሱ ፈቃድ ትተዋለች። እህቶቼ፣ ኮንዶም መግዛት ባለጌ አያደርግም። ጠይቁን። እምቢ የሚል ወንድ ካለ ደግሞ ለእናንተ ሳይሆን ለራሱ ምቾት እንደሚያስብ እወቁ።

ያገቡትም ከዚህ አያመልጡም። «እኔ ባለትዳር ነኝ፣ ምን ያገናኘኛል» የምትል ብዙ ናት። ለሰርጋቸው አንዴ ተመርምረዋል፣ ከዚያ በኋላ የለም። ባል ለወራት ክፍለ ሀገር ሠርቶ ሲመጣ «እንመርመር» ማለት ስድብ ይመስላታል። ፈሳሽና ማሳከክ ሲኖራት በሳሙና ወደ ውስጥ ትታጠባለች፣ ይህ ደግሞ ያባብሳል እንጂ አያድንም። በግንኙነት በሚተላለፍ ቫይረስ የሚመጣው የማህፀን በር ካንሰር አገራችን ውስጥ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶችን የሚያጠቃ መሆኑን የሰማች እንኳ «ደህና ነኝ» ብላ ትቀራለች። ምርመራው በብዙ የመንግሥት ጤና ጣቢያዎች አለ፣ በተለይ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች፤ ጊዜም አይፈጅም። ለልጃገረዶች የዚህ ካንሰር መከላከያ ክትባት ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ እየተሰጠ ነው። ለልጆቻችሁ አትከልክሉ።

ለሙያ ባልደረቦቼም የምለው አለኝ። ልጅቷ ላብ እያሰመጣት ስትቆም ሰው ፊት «አግብተሻል?» ብሎ መጠየቅ ምን ይጠቅማል? መጠየቅ ያለብን ሌላ ነው። ከሆነ ስንት ሰዓት አለፈ? የቲቢ መድኃኒት ወይም ኤፋቪሬንዝ የሚባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት ትወስጃለሽ? እነዚህ የክኒኑን ጉልበት ይቀንሳሉ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ካስመለሰሽ ተመልሰሽ ነይ ማለት አለብን፣ ድጋሚ መውሰድ አለባትና። ደግሞም ድምፅን ዝቅ አድርጎ፣ ፈልገሽ ነው ወይስ ተገደሽ? ተገዳ ከሆነ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒትም በዚያው 72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ይህንን ሳንነግራት ክኒን ብቻ ሰጥተን ከሸኘናት ትልቅ በደል ነው።

ለአዘጋጁ ደግሞ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ስለ መካንነት የጻፋችሁትን በሚቀጥለው እትም አርሙት። አንዲት ልጅ ያንን አንብባ ክኒኑን ፈርታ ብትተወውና ብታረግዝ የምትሄድበትን ቦታ እኛም እናንተም እናውቃለን፤ የውርጃ ሕጉ በ1997 ዓ.ም ከተሻሻለ ወዲህ እንኳ ተደብቃ የምትሄድ አለች። ሁለተኛ፣ በሳምንት አንዴ ትንሽ ቦታ ስጡንና ሴቶች ስማቸውን ሳይጽፉ ይጠይቁ፣ የማህፀን ሐኪም ይመልስ። የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ እንደሚሰጥ፣ ዲፖ ከሚባለው የእርግዝና መከላከያ መርፌ በኋላ ለማርገዝ ወራት ሊፈጅ እንደሚችልና ይህ መካንነት እንዳልሆነ፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። ባንኮኒው ላይ የምሰማቸውን ጥያቄዎች የማንንም ማንነት ሳልገልጽ ጽፌ ለመላክ ዝግጁ ነኝ።

ፋርማሲስቷ አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ