ስለ መዝገባችን ቅጂ፣ ለማህበራችን አባላት

ውድ አባላት፣ ጤና ይስጥልን።

እሁድ ለገጣፎ ስንሰበሰብ «የቁጠባ መዝገባችን ያለበት ሲስተም ሳይዘጋ ቅጂ እንዴት ይወሰዳል?» ብላችሁ ነበር። መልሱ ይኸው።

በፊት የማደርገው ስህተት ነበር። ዳታቤዙ፣ ማለትም መዝገቡን የሚይዘው ፕሮግራም፣ እየሠራ ፎልደሩን ወደ ፍላሽ እገለብጥ ነበር። አንዱ ፋይል ሲገለበጥ ሌላው ይቀየራል፤ ግማሹ የጠዋት፣ ግማሹ የከሰዓት ይሆናል። መብራት ጠፍቶ ዋናው የተበላሸ ቀን ቅጂው አልነሳም አለ። ላብ አሰመጠኝ!

አሁን ከዳታቤዛችን ከፖስትግሬስ ጋር የሚመጣውን ፒጂ ዳምፕ የተባለ ቅጂ መውሰጃ እጠቀማለሁ። ሲጀምር ያገኘውን መልክ ይዞ ይጽፋል። ገንዘብ ያዣችን በመሃል ብትመዘግብም አይጋጩም፤ አዲሱ ምዝገባ ለሚቀጥለው ቅጂ ይቆያል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ በራሱ ይነሳል።

ክፍተት አለው። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ዲስኩ ቢሞት የዕለቱ ምዝገባ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ደረሰኛችሁን አትጣሉ። የለውጥ መዝገቡን፣ ማለትም ዳታቤዙ እያንዳንዱን ለውጥ የሚጽፍበትን ፋይል፣ በየደቂቃው ወደ ሌላ ማሽን መላክ ይቻላል፤ ለዚያ ግን የዳምፕ ቅጂ አይሆንም፣ የዳታቤዙን ፋይሎች እንዳሉ በሚገለብጠው በፒጂ ቤዝባክአፕ የተወሰደ ያስፈልጋል። ዲስክ ስንገዛ እንጀምራለን።

ቅዳሜ አሮጌው ላፕቶፕ ላይ መልሼ ሞከርኩት። መጀመሪያ «ተጠቃሚው የለም» እያለ አስቸገረኝ። ለካ ፒጂ ዳምፕ የተጠቃሚዎችን ስም አይዝም፤ እነሱ ፒጂ ዳምፕኦል በተባለው ሌላ መሣሪያ ለብቻ ይወሰዳሉ። ከዚያ በኋላ የቁጠባው ድምር ከዋናው ጋር እስከ ሳንቲሙ ገጠመ።

አንድ ቅጂ ከቢሮው ውጭ መቀመጥ አለበት። በይለፍ ቃል ስለተቆለፈ ቃሉን የማያውቅ አያነበውም። ለገዳዲ አካባቢ ያላችሁ፣ ቤታችሁ የምታስቀምጡልን ካላችሁ እስከ ዓርብ አሳውቁኝ።